አምስተኛው አንቀጽ

ሻምበል ጸጋዬ ምንጣፉ ላይ ሩዝ መበተን ሲጀምር ውብሸት ጥርሱን ነከሰ። ቤት ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ሩዝ ሰው እንደ አሸዋ ሲዘራት እያየ ዝም ያለ እሱ ብቻ አልነበረም። ሌሎቹም ዝም ብለዋል። ሩዙ ምን ሊሆን እንደሆነ ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ ውብሸት ብቻ ነው። ሩዙ መሬት ነው። የሻይ ብርጭቆዎቹ ሕንፃዎች ናቸው። የሕፃኗ የወተት ቆርቆሮ መስጊዱ ነው። ሰውየው ሩዙን በእጁ ጠርዝ እየከፈለ መንገድ አወጣ፣ ክብሪት እየደረደረ አጥር ሠራ። እጁ ያኔ በጦር ሜዳም አይንቀጠቀጥም ነበር፣ አሁንም አይንቀጠቀጥም። ውብሸትን ከሁሉ በላይ ያናደደው ይህ ነበር።

ኅዳር 2006 ነው። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ቀነ ገደብ አልፎ፣ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ፣ ኢቃማ እያለውም ከአሠሪው ከከፊሉ ውጭ ሲሠራ የተገኘ ሁሉ ከሪያድ ውጣ ተብሏል። መውጣቱን ማንም አልጠላም፤ ችግሩ የመውጫው መንገድ ነበር። ከሚኖሩበት ከነሲም ሰፈር ማዶ ያለ አንድ የሰርግ አዳራሽ የመሰብሰቢያ ቦታ ሆኗል። እዚያ የገባውን ፖሊስ ይጠብቀዋል፣ በአውቶቡስ ወደ ማቆያ ይወስደዋል፣ ከማቆያ ወደ ቦሌ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ዱላና የብረት ዘንግ የያዙ ጎረምሶች የሚዞሩባቸውን መንገዶች በእግር ማቋረጥ ግድ ነው። ታክሲ ሐበሻ አልጭንም ካለ ሰንብቷል። ከጎረቤት ሕንፃ የወጡ ወንዶች ራሳቸውን ተፈንክተው ተመልሰዋል። አንዲት ሴት ደግሞ ከመንገድ ተጎትታ መኪና ውስጥ ከገባች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። የውብሸት ሚስት ፍቅርተ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሕፃኗን ሶሊያናን ከደረቷ አላወረደቻትም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ዛሬ ሳይመሽ ልቀቁልኝ ብሏል።

ከእነሱና ከሻምበሉ ሌላ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ታደለች ናት። መላዝ ሰፈር ከሚገኝ የማዳሟ ቤት በመስኮት ዘላ ስታመልጥ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ ያለ ሐኪም ድኖ፣ እግሯን ትጎትታለች። ሁለተኛዋ ነስሪን ናት፤ የከሚሴ ልጅ፣ እዚሁ ነሲም ውስጥ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ ዓረብኛውን እንደ ባለ አገሩ የምታንበለብል። ሦስተኛው ይማም ነው፤ ግንበኛ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ። እነዚህ ሁሉ ትናንት ተሰብስበው ሻምበሉን "ወታደር ነበሩ አሉ፣ መላ ይበሉን" ብለው ለመኑት። ውብሸትን የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ምን እንደሚል እሱም አያውቅም።

ሻምበሉን ከሁሉም በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ የዚህ ሰው ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ጸጋዬ ያኔ ትዕዛዝ በመጻፍ የታወቀ መኮንን ነው። አምስት አንቀጽ፦ ሁኔታ፣ ግዳጅ፣ አፈጻጸም፣ ስንቅና ትጥቅ፣ አመራርና መገናኛ። ቃል አይተርፈው፣ ቃል አይጎድለው። የሌላ ሻምበል አዛዦች ሳይቀሩ እየመጡ ይገለብጡለት ነበር። ግዳጁን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ያንቀላፋ ቢኖር እንዲሰማ። ጥያቄ ግን አይቀበልም። "ትዕዛዝ ይፈጸማል እንጂ አይጠየቅም" ይልና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

የኮረብታው ትዕዛዝም ያማረ ነበር። ኮረብታውን ያዙ፣ ሌላ ጦር እስኪተካችሁ እንዳትለቁ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ ለስብሰባ ወደ ሻለቃው ተጠርቶ ወረደ። እሱ እንደወረደ መድፉ ጀመረ። ተተኪ የተባለው ጦር አልመጣም። እንውረድ ወይስ እንቆይ የሚል ሰው ጠፋ፤ ሻምበሉ ከሌለ ማን እንደሚያዝ አምስተኛው አንቀጽ ላይ አልተጻፈማ። የመቶ መሪዎቹ ተያዩ። አንዱ እናፈግፍግ አለ፣ ሌላው ሳንታዘዝ አለ። ውብሸት የሻምበሉን መጠሪያ በሬዲዮው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጠራ። ከአንድ መንደር አብሮት የዘመተ ሰማው የሚባል ጓደኛው አጠገቡ ተኝቶ፣ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠግቶ፣ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ ነበር። ከሬዲዮው የሚወጣው ባዶ ሹሽታ ብቻ ነበር። ሰማው እንደዚያው ጆሮውን እንዳስጠጋ ሞተ።

ማታ ሻምበሉ ሲመለስ ለተረፉት የማፈግፈጊያ ትዕዛዝ አነበበላቸው። በአምስት አንቀጽ፣ ግዳጁን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ውብሸት ለዚህ ሰው የሚናገረውን ስድብ ሲያብላላ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። በመካከሉ እግዜር ሲፈርድ ሰውየውን ሪያድ ዑለያ ሰፈር ውስጥ፣ ገና በሚሠራ ፎቅ ላይ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ አገኘው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። "የመገናኛው ውብሸት!" አለው፣ እንደ ናፈቀ ዘመድ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ውብሸት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የሥራው አለቃ ከታች ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ ብሎ ጮኸ፣ የተቦካው ሲሚንቶ ሊደርቅ ሆነ፣ ስድቡም ሳይወጣ ቀረ። በኋላም ሰውየው እነሱ ቤት ተዳብሎ ገባ። እሑድ እሑድ መጋረጃውን ዘግተው ጸሎት ሲያደርሱ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ የውብሸት ጸሎት ከጣራው አልፎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ያ ሰው ከሩዙ በላይ ተንበርክኮ፣ በዳይፐር ካርቶን ጀርባ የጻፈውን ሊያነብ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ። ሁኔታ" አለ። "ጠላት በሁለት ቡድን ይንቀሳቀሳል። አንደኛው በእግር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር። ሁለተኛው በአንዲት ነጭ ፒክአፕ።"

"ጋሼ፣ ጠላት አይበሉ እባክዎ" አለች ነስሪን። "እኔ በእጄ ያጎረስኳቸው ልጆች እዚህ ሰፈር አሉ። ሸባብ፣ የሰፈር ጎረምሶች ናቸው፣ የባለጌ ልጆች ናቸው። አገሩ ጠላቴ አይደለም።"

"የትዕዛዝ ቋንቋ ነው" አለ ሻምበሉ።

"እኛ ወታደር አይደለንማ።"

ሻምበሉ አያት። ውብሸት አሁን ይጮህባታል ብሎ ጠበቀ፤ እንዲጮህባትም ፈለገ። እሱ ግን ካርቶኑ ላይ አንድ ቃል ሰርዞ "ጎረምሶቹ" ብሎ ጻፈና ቀጠለ።

"ሁለት። ግዳጅ። በጁምዓ ሶላት፣ መንገዱ ጭር ሲል ተነስተን ስድስታችንም ከነሕፃኗ የሰርግ አዳራሹ እንገባለን። ዓላማው ማንም ሴት፣ ማንም ሕፃን በጎረምሶቹ እጅ እንዳይወድቅ ነው።" ትንፋሹን ወሰደና ያንኑ ቃል በቃል ደገመው።

ዓላማው! የኮረብታው ትዕዛዝ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። ያዙ እንጂ ለምን እንደሚይዙት ማንም አልነገራቸውም። ቢነገራቸው ኖሮ ኮረብታው ጥቅሙ ሲያልቅ ራሳቸው አይተው በወረዱ ነበር። ይኸው ተምሯል። በማን ሬሳ ላይ እንደተማረው ውብሸት ያውቃል።

ሻምበሉ ቀጠለ። ሦስተኛው አንቀጽ በክብሪት እንጨት እየተከለ ያሳያቸው ሰልፍ ነበር፦ እሱና ይማም ከፊት፣ ሴቶቹ ከነሕፃኗ መሃል፣ ውብሸት ከኋላ። መስጊዱን በሩቅ ያልፉና በኋላ መንገድ ይዞራሉ። የወደቀ ቢኖር ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። አራተኛው አንቀጽ ውሃና የሕፃኗ ወተት ብቻ ይያዝ፣ ሻንጣ አይነሳ አለ። ታደለች ለእናቷ የገዛችው ብርድ ልብስ ያለበትን ሻንጣ አቅፋ አለቀሰች፤ ትዕዛዙ ግን ለብርድ ልብስ አልራራም። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሻምበሉ ፈጠን አለ።

"አምስት። አመራርና መገናኛ። የምመራው እኔ ነኝ። ስልክ በድምፅ አልባ ይሁን። ጨርሻለሁ፣ ተዘጋጁ።" ካርቶኑን ሊያጥፈው ያዘ።

"አልጨረሱም" አለ ውብሸት።

ፍቅርተ ባሏን አየችው። የኮረብታውን ነገር ነግሯታል፤ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል።

"ኪስዎ አይክተቱት" አለ። "መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ ይድገመው። ማን ምን እንደሰማ ሳናውቅ ከዚህ ቤት አንወጣም። እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።"

ሻምበሉ ካርቶኑን ዘርግቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። "ይደገም" አለ።

ይማም ደገመ፣ በአጭሩ። ታደለች እንባዋን እየጠረገች ደገመች። ነስሪን ተራዋ ሲደርስ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች። "ይኼ አይሆንም፣ ጋሼ" አለች። "አባያና ኒቃብ ካደረግን እኛን ማን ለይቶ ያውቀናል? የመናዊ ልሁን፣ ሶማሌ ልሁን፣ የአገሩ ልጅ ልሁን ማን ያውቃል? ሐበሻ መሆናችንን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ሦስት ባዳ ወንድ ሴት አጅቦ ሲሄድ ሪያድ ውስጥ ዓይን የማይጥል የለም። አጅበን እናድናችኋለን ስትሉ ልታስፈጁን ነው።"

ውብሸት ቁጣውን እንደያዘ ተገረመ። ስንት ዓመት እዚህ አገር ኖሮ፣ ባዳ ሆኖ ከሴት ጋር መሄድ ምን እንደሚያመጣ እያወቀ፣ ከሩዙ ፊት ሲቀመጥ ግን እሱም ወታደር ሆኖ ነበር። ሴት መሃል፣ ወንድ ዳር። አልታየውም። ሻምበሉም ሩዙን አየ፣ ከዚያ የሰልፉን ክብሪቶች አንድ በአንድ አነሳቸው። አልተከራከረም፤ ሰልፉን እንደ አዲስ ደረደረው። ውብሸትና ፍቅርተ ከነልጃቸው ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱ ሴቶች እንደ እህቶች አብረዋቸው ይሄዳሉ፤ አንድ ቤተሰብ። ሻምበሉና ይማም በመንገዱ ማዶኛ ጠርዝ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች መስለው፣ ትንሽ ቀድመው ይሄዳሉ። "ትክክል ነሽ" አለ ሻምበሉ።

ያ "ትክክል ነሽ" ውብሸትን አፈነዳው። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ! አንድ ሰው ጠየቀ፣ አዛዡ ሰማ፣ ትዕዛዙ ተስተካከለ፣ ሰማይም አልተደፋም። ያኔ ይህን መስማት ምን ይከብደው ነበር?

"እኔም ልድገም" አለ፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ወጣ። "አምስት። አመራርና መገናኛ። የሚመሩት ሻምበል ጸጋዬ ናቸው። እሺ። ሻምበል ጸጋዬ ለስብሰባ ቢጠሩስ? ቢያዙስ? ቢሞቱስ? ያኔ ማን ነው? ጽፈውታል? የታለ? እስቲ ያሳዩኝ።"

ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። ሻምበሉ ካርቶኑን አየ። ከአምስተኛው አንቀጽ በታች ባዶ ቦታ ነበር፣ ሁለት እጅ የሚያህል። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ሳይቸኩል ጻፈ። አነበበውም፦ "እኔ ከሌለሁ ውብሸት ይመራል። ምልክቱ ኮፍያዬ ነው። ካወለቅሁት አመራሩ የእሱ ነው፤ ይማም ወደ አዳራሹ ሮጦ ፖሊስ ይጠራል።"

"እኔን አልኩ እንዴ?" አለ ውብሸት።

"ድገመው" አለ ሻምበሉ።

ውብሸት እንዲህ ተናድዶ አያውቅም። አንድም ቃል ሊደግምለት አልፈለገም። ሕፃኗን አያት፣ የፍቅርተን ዓይን አየ፣ ደገመው።

የጁምዓ አዛን ሲሰማ ወጡ። ሱቆቹ በራቸውን ጎትተው ዘግተዋል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ከመስጊዶቹ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ስብከት ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀባበላል። ሻምበሉ በማዶ ይሄዳል፣ የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ያለባትን ነጭ ኮፍያ አድርጎ። ይማም ከእሱ ራቅ ብሎ ቀድሟል። ወዲህ በኩል ውብሸት የሕፃኗን ቦርሳ አንጠልጥሏል፣ ሦስቱ ጥቁር አባያዎች አጠገቡ ናቸው። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር እንደ ሩዙ ሄደ። ግን የከበደው ለታደለች ነው። እግሯ የሩዝ ላይ እግር አይደለም። መንገዱን ገና ሳያጋምሱ ወደ ኋላ ትቀር ጀመር፣ ነስሪን ደግፋት ስትሄድም አልፈጠነችም። ስብከቱ አልቆ ሶላት ተጀመረ፣ እነሱ ግን ወደ ኋላው መንገድ መታጠፊያ አልደረሱም።

ነጯ ፒክአፕ የወጣችው ከዚያው መታጠፊያ ነው። ዞር ብላ ቆመችና ከኋላዋ አምስት ስድስት ጎረምሳ ወረደ። አንዱ የብረት ዘንጉን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ ነበር፤ ድምፁ እነሱ ድረስ ይሰማል። ገና አላዩአቸውም። ግን እግሯን የምትጎትት ሴት፣ ወዙ ሐበሻ የሆነ ወንድ፣ ትንሽ ቆይተው ያያሉ።

ሻምበሉ በማዶ ቆመ። ወደ እነሱ ዞሮ አንድ ጊዜ አያቸው፣ እንደ መሬት አጥኚ፣ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ። ኮፍያውን አወለቀ። ሽበቱ ለፀሐይ ተጋለጠ። ከዚያ አስፋልቱ መሃል ወጥቶ፣ ለጎረምሶቹ ራሱን እያሳየ፣ ከእነ ውብሸት ተቃራኒ ወደሆነው ጎዳና መሄድ ጀመረ። አልሮጠም። አንዱ ጎረምሳ "ሐበሺ!" ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። ይማም ወደ አዳራሹ ሲፈተለክ ጀርባው ታየ።

ውብሸት ደርቆ ቀረ። እጁ ብቻ ሠራ። ስልኩን አውጥቶ የሻምበሉን ቁጥር ነካ። ይጠራል። ሻምበሉ ኪስ ውስጥ ያለ ድምፅ የሚበራውን ስልክ በሐሳቡ አየው። ይጠራል፣ አያነሳም። ኮረብታው ላይ የነበረው ያ ባዶ ሹሽታ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ ሰማውም አጠገቡ መጥቶ ምን አለ፣ ምን አለ አለው።

"ውብሸት" አለች ፍቅርተ። ክንዱን በጥፍሯ ያዘችው። "ኮፍያውን አወለቀ እኮ። ከእንግዲህ ማንን ነው የምትጠራው? አንተ ነህ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። መንገዱን አየ፤ ትዕዛዙ የሚለው የኋላ መንገድ በፒክአፗ ተዘግቷል። ወደ ቤት እንመለስ ቢል ቤቱ የእነሱ አይደለም። ዓላማው ምን ነበር? ማንም ሴት፣ ማንም ሕፃን። መንገዱ በየት በኩል ነው የሚለው ዓላማው ውስጥ የለበትም። ካርቶኑ ላይ በሩቅ እለፉት የተባለው መስጊድ በቀጥታ ፊት ለፊት ነው። ሶላቱ እያበቃ ነበርና ሰው ሊፈስ ነው፤ ሽማግሌው፣ ልጅ የያዘው፣ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ያስቀመጠው፤ በእነዚህ ሁሉ ፊት ጎረምሶቹ ዘንግ ማንሳት አይደፍሩም።

"ወደ መስጊዱ" አለ።

"ትዕዛዙ እኮ..." አለች ታደለች።

"አሁን ትዕዛዙ እኔ ነኝ፣ እህቴ። ያላ።"

ታደለችን በአንድ ክንዱ ደግፎ ወደ ሕዝቡ መሃል ገቡ። ሰው ጫማውን እየፈለገ፣ እየተሳሳመ፣ ስለ ምሳ እያወራ ይወጣል። የሚያያቸው አየ፣ የሚያልፋቸው አለፈ። ነስሪን በዱላው ተደግፎ ወደቆመ አንድ ሸይባ ቀረብ ብላ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ጥቂት ነገር ተናገረችው። ውብሸት ከዓረብኛው የሰማው "ሕፃን" እና "አባቴ" የሚለውን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሶሊያናን አየ። ከዚያ ራቅ ወዳለው ጩኸት ዞሮ አየ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ የእነዚያ ልጆች አባት ማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ይመስል። ከፊታቸው ቀደመ። በዱላው አስፋልቱን እየመታ እስከ አዳራሹ በር ሸኛቸው፣ ማንም አንድ ቃል አልተናገራቸውም።

በሩ ላይ ይማም ደረቱ እየወጣ እየወረደ ቆሟል። ለፖሊስ ነግሬያለሁ፣ መኪና እንልካለን ኢንሻአላህ ብለዋል አለ፤ የፖሊስ መኪናዋ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነስሪን ገባች። ታደለች ገባች። ፍቅርተ ሕፃኗን ይዛ ደፉን ስትሻገር ዞራ አየችው። ውብሸት ከደፉ ወዲህ ቆሟል።

"ግባ እንጂ" አለች።

"ግዳጁ እዚህ አበቃ" አለ። "ሁላችሁም ገብታችኋል።"

"ማንም ወደ ኋላ አይመለስም ይላል። አንተው አይደለህ የደገምከው?"

"እስከ በሩ ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ የጻፈው ነገር የለም።" ወደ መጡበት መንገድ ዞረ። "አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁትን አንድም ቃል ሳልነግረው ነው የሄደው። እንደገና ሳልሰድበው ሄደ! ኮፍያውን አወለቀና በቃ፣ ጨዋ ሆኖ ሊሞት! አይሆንም። ሄጄ ፊት ለፊት ካልሰደብኩት እህል ውሃ አይወርድልኝም።"

ፍቅርተ ተቆጥታ አየችው። ልትከለክለው አፏን ከፈተች፣ ደግሞ ዘጋችው። ከቦርሳው የውሃውን ጠርሙስ አወጣችና ደረቱ ላይ ገፋችው። "ስድቡን ስትጨርስ ይህን ስጠው" አለችው። "ሳትመለስ ብትቀር ግን አንተን የምሰድበው እኔ ነኝ።"

ሰው ወደ ምሳው ተበትኖ መንገዱ እንደገና ባዶ እየሆነ ነበር። ውብሸት ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ። ፒክአፗ የለችም። ኮፍያዋን አስፋልቱ ላይ አግኝቶ አነሳት፣ የመኪና ጎማ ሄዶባታል። ሻምበሉ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በተዘጋ የልብስ ስፌት ሱቅ ጥላ ሥር፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ከአፉ የወረደው ደም ሸሚዙ ላይ ደርቋል።

"ገቡ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ገቡ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ሻምበሉ ዓይኑን ጨፈነ። ገለጠውና "ማን ተመለስ አለህ?" አለ።

ውብሸት ከፊቱ ቆመ። ያ ሁሉ ያብላላው፣ ያሳመረው፣ ሌሊት ሌሊት ለጣራው ያነበነበው ስድብ ወዴት እንደሄደ ጠፋበት። የወጣለት እንዲህ የሚል ብቻ ነው፦ "ሰማው ያንተን ቃል ሲጠብቅ ሞተ። ጆሮው ሬዲዮው ላይ እንዳለ። ሰማህ? ሰማው ይባላል።" በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው።

"ስሙን አውቀዋለሁ" አለ ሻምበሉ።

"ማን እንደሚተካህ ለምን አልጻፍክም?"

ሻምበሉ ደም ተፋ። "ቦታ ጠፍቶ አይደለም" አለ። "ጊዜም ነበረኝ። እኔ ከሌለሁ ያቺ የሻምበል ጦር ትኖራለች ብዬ አላስብም ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬም ብትተወኝ ኖሮ ባዶውን አጥፌ ኪሴ ልከተው ነበር። አይተኸኛል።"

ውብሸት ይህን ሲሰማ ቀለል ይለኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። አላለውም። ሰማው አልተነሳ፣ ኮረብታው አልተመለሰ፣ ንዴቱ እንደ ቀድሞው ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። ግን ጥላው እየሸሸ ነው፣ ፒክአፗም ትዞራለች እንጂ አትቀርም። የውሃውን ክዳን ከፍቶ ሰጠው። እስኪጠጣ ቆመና ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

"ስማ" አለው። "አንድ፣ ሁኔታ። አንድ እግርህ አይሠራም፣ ጎረምሶቹ ይመለሳሉ። ሁለት፣ ግዳጅ። አዳራሹ በር እንደርሳለን። አዳራሹ በር እንደርሳለን። ዓላማው አንድም ሰው እዚህ እንዳይቀር ነው። ሦስት፣ አፈጻጸም። ትከሻዬን ትይዛለህ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እንሄዳለን፣ ቁም ስልህ ትቆማለህ። አራት፣ ስንቅ። የያዝከው ውሃ ነው፣ ሌላ የለም። አምስት፣ አመራር። የምመራው እኔ ነኝ።" ኮፍያዋን በእጁ አገላበጣት። "እኔ ብወድቅ አንተ ትመራለህ። ድገመው።"

ሻምበሉ ደገመ። ሁኔታውን፣ ግዳጁን ሁለት ጊዜ፣ አፈጻጸሙን፣ ስንቁን። አምስተኛው ላይ ሲደርስ የውሃው ጠርሙስ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"የምትመራው አንተ ነህ" አለ። "አንተ ብትወድቅ እኔ።"

ውብሸት አልማረውም። ኮፍያዋን ከጭኑ ጋር አራግፎ ራሱ ላይ ደፋለት፣ ከዚያም እንዲይዘው ትከሻውን ዝቅ አደረገ።